ባልዝ ኤልመር ጠመንጃ ሲመርጥ

በሃስልማት መንደር ባልዝ ኤልመር ያልናቀው ሰው ቢፈለግ አንድ ብቻ ይገኛል፤ እሱም ራሱ ባልዝ ነው። ሌላውን ሁሉ ንቆ ጨርሷል። ቄሱን «ሲሰብክ እንኳ ዒላማ የሚስት» ይላቸዋል። አስተማሪውን «ጠመኔ በሊታ» ይለዋል። የሚስቱን ወንድም ዮስትንማ ተዉት። ዮስት ወተት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ምስኪን፣ ዝምተኛ ሰው። ጥፋቱ በባለ እግሩ የጦር ሠራዊት ጠመንጃ መተኮሱ ነው። ያ ጠመንጃ ከፊቱ ሁለት እግር ስላለው መሬት ላይ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ተኳሹ ከኋላው ተኝቶ ቃታ መሳብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ባልዝ ደግሞ ተኝቶም ቢሆን ካራቢን የተባለ አሮጌ ጠመንጃውን በገዛ ክንዱ ተሸክሞ ነው የሚተኩሰው። ስለዚህ ለዮስት «የአልጋ ቁራኛ» የሚል ስም አወጣለት። እሱን የመሰሉትን ሁሉ ሰብስቦ ደግሞ «ጠመንጃችሁ ይቆምላችኋል፣ ሚስቶቻችሁ ይቆሙላችኋል፣ እናንተ መቼ ነው የምትቆሙት?» ይላቸዋል። እነሱም ይስቃሉ። ምን ያድርጉ!

ይህ ሁሉ ንቀት ከየት መጣ ቢባል፣ ሰውዬው ሦስት ጊዜ በውድድር አሸንፎ የሸለቆው የተኩስ ንጉሥ ሆኗል። ሦስቱንም ጊዜ የባሉጥ ቅጠል አክሊል ደፍተውለት፣ የጥሩምባ ባንድ እየነፋለት፣ ሙሉ የአሳማ ጭን ተሸልሞ ገብቷል። ሦስት ጊዜ ንጉሥ የሆነ ሰው አራተኛ ጊዜ ሰው መሆን ያቅተዋል።

እንጀራው ግን ሹፍርና ነው። ቢጫውን የፖስታ አውቶቡስ ከባቡር ጣቢያው እስከ ላይኛው መንደር ይነዳል። መንገዱ በአንድ ወገን አለት፣ በሌላው ወገን ገደል ነው፤ መታጠፊያው ላይ ጥሩምባ ሳይነፉ ማለፍ ክልክል ነው። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎች ይሳፈራሉ። የልጁ ልጅ ዶርሊም ከነቦርሳዋ ገብታ ሁልጊዜ ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

እንግዲህ ባለፈው ገና ሰሞን የባልዝን ቀኝ ዓይን ሞራ ጋረደው። ግራውም አልዘገየም፣ ተከተለ። ማወቁንስ አሳምሮ ያውቃል! ከፊት የሚመጣው መኪና ብርሃን እንደ ጥጥ ሲበተንበት፣ የሰው ፊት ጠፍቶበት ድምፅ ብቻ ሲቀርለት፣ እንዴት አያውቅም? ሞራ ደግሞ ዛሬ ዛሬ ሐኪም ቤት ገብተው ተገፍፈው፣ ለምሳ ቤት የሚደርሱበት ነገር ነው። ግን ለሐኪም ቢነግር እስኪድን ድረስ መንጃ ፈቃዱን ያነሱታል። ከዚያም የባሰ አለ፤ ለመንደሩ ሁሉ ስም ያወጣ ሰው መንደሩ ምን ብሎ ስም እንደሚያወጣለት ያውቃል። ስለዚህ ዝም አለ። መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ ብሎ ሃምሳ ነፍስ በቃሉ መንዳት ጀመረ።

በመጋቢት አንድ ቀን እትዬ ሳሎሜን ጥሏቸው አለፈ። ባል የሞተባቸው አሮጊት ናቸው፤ ግራጫ ካፖርታቸውን ለብሰው ማቆሚያው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ሳሉ፣ አውቶቡሱ በአፍንጫቸው ሥር ሽው ብሎ ሄደ። ወደ ኋላ ባይሉ ኖሮ ይዟቸው ነበር የሚሄደው። በማግስቱ ገብተው «አንተ ባልዝ! ትናንት ልትገድለኝ ነበር እኮ!» ቢሉት፣

«እትዬ ሳሎሜ፣ ድንጋይ መስለው ድንጋይ አጠገብ ቆመው እኔ ምን ላድርግ? ቀይ ይልበሱ!» አላቸው።

ተሳፋሪው ሳቀ። አሮጊቷ ፊታቸው ቀልቶ ቁጭ አሉ። ያን ዕለት ማታ ባልዝ እራቱን አልበላም። በማግስቱ ግን ተነሥቶ ነዳ።

በረዶው ቀልጦ የተኩስ ልምምድ ሲጀመር ነጥቡ ዘቀጠ። በሦስት መቶ ሜትር ላይ የወንበር ትራስ የምታህለው ጥቁር ክብ እየሟሟችበት፣ ከአሥር ሰባት፣ ስድስት፣ አንዴማ አራት መታ። እሱ ዕድሜ ልኩን «ሾርባ ማማሰል» እያለ የሚያንቋሽሸው የሚስቱ የባቤታ ተኩስ እንኳ በለጠው። ታዲያ ዓይኔ ነው አለ? ምን ቆርጦት! «አፈሙዙ ተበልቷል» አለ። ሠላሳ ዓመት ያገለገለውን ካራቢን፣ ሦስት ጊዜ ያነገሠውን፣ ሰው ፊት አዋረደው። «አሁን ጊዜው የስፖርት ጠመንጃ ነው» አለ። ትናንት የስፖርት ጠመንጃ የያዙትን «ነጥብ በገንዘብ የሚገዙ» ሲል የነበረው ያው ሰውዬ ነው እንግዲህ።

ጠመንጃ ሠሪዋ ሲቢላ ላንዶልት ሱቋ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ነው። ሙያውን ከአባቷ የወረሰች፣ ደንበኛ የማታባብል ሴት ናት። ባልዝ ቆቡን ሳያወልቅ ገባና ካራቢኑን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ይሄ አፈሙዙ ተበልቷል። ሌላ አሳዪኝ።»

አንሥታ በብርሃን በኩል አየችበት። «ይሄ ተበልቶ ከሆነ እኔ መነኩሲት ነኝ። አንተንም እኔንም ይቀብራል።»

«ጠመንጃ ነው የጠየቅኩሽ፣ ስብከት አይደለም።»

«እሺ። ለሦስት መቶ ሜትር?»

«ታዲያ ለአይጥ መሰለሽ?»

መጀመሪያ ባለ እግሩን አወጣችለት። በጣቱ ገፋው። «ይሄን ለዮስት አስቀምጪለት። እኔ ገና አልጋ አልያዝኩም።» ቀጥላ አፈሙዙ ወፍራም የሆነ የስፖርት ጠመንጃ አመጣች። «ይሄ ጠመንጃ ነው ወይስ የበር መወርወሪያ?» አለ። ሦስተኛውን፣ ሰደፉ በየአቅጣጫው የሚስተካከለውን ስታመጣ ደግሞ «ይሄን ሁሉ ብሎን ማን ይፈታዋል? መካኒክ ልቅጠር?» አላት።

ሲቢላ ታገሰችው። በረጅም ርቀት የሚተኩስ ሰው ጠመንጃ የሚመርጠው በመልኩ አይደለም፤ ሰደፉ በትከሻና በጉንጩ ልክ ሊሆንለት፣ ቃታው ሳያስደነግጠው ሊለቅለት፣ የማለሚያው ቀዳዳ ከዓይኑ ጋር ሊግባባ ይገባል። ብሎኑን ፈታ፣ ጠበቅ እያደረገች ሰደፉን ከጉንጩ ጋር አስማማችለት። ጎራሹን አውጥታ ባዶውን ጠመንጃ ወደ መስኮቱ አዞረችውና፣

«እስቲ በዚህ ቀዳዳ የደወሉን ማማ ሰዓት እይልኝ። ስንት ሰዓት ይላል?» አለችው።

ደወሉ ገና አሁን ነበር የተደወለው። ባልዝ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ያለመ መሰለ፣ «አራት ተኩል» አለ።

ሲቢላ ጠመንጃውን ከእጁ ቀስ አድርጋ ወሰደችው። «ባልዝ፣ ሰዓቱ ጠቋሚ የለውም። ወርቅ ሊቀቡት ባለፈው ሳምንት አውርደውታል። ባዶ ነው የተሰቀለው።»

«ታዲያ ከደወሉ ነው የነገርኩሽ! ሰው ሰዓት ሲጠየቅ ሰዓት ይመልሳል እንጂ ምን ይላል?»

«አይተህ ንገረኝ ነው ያልኩህ። ዓይንህን ሞራ ጋርዶታል፣ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሂድና ይግፈፉልህ፣ ይቺን ጠመንጃ አስቀምጥልሃለሁ። አንተ ሰው፣ አውቶቡስ እኮ ነው የምትነዳው!»

«ጠመንጃ መሸጥ ቢያቅትሽ ሐኪም ሆንሽ? አባትሽ ቢኖሩ በሰደፍ ነበር ከዚህ የሚያስወጡሽ!»

«አባቴ ቢኖሩ አንተን ነበር የሚያስወጡት» አለችና በሩን ከፈተችለት።

ሲቢላ ነገሩን በዚያ አልተወችውም፤ ደውላ ለባቤታ ነገረቻት። ባቤታ ማታ ድስቷን አውጥታ ከፊቱ ቁጭ አለችና ጠየቀችው። ባልዝ ሳቀባት። ጋዜጣውን አንሥቶ ዘረጋና «እንግዲያው ስሚ» ብሎ የቀኑን ወሬ አንድ በአንድ አነበበላት። ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ ከሬዲዮ የሰማውን ነው ያነበበው። ባቤታ ጋዜጣውን አልተቀበለችውም፣ ምን ላይ ዓይኑን እንዳደረገም አላየችም። ማመን ፈልጋ ነበርና አመነችው። እሷም ብትሆን ከነቀፋ አታመልጥም!

ጠመንጃውን ታች ሐይቁ ዳር ካለው ከተማ፣ ስሙን ከማያውቅ ሻጭ ገዛው። ያ ሻጭ «እንዴት ያለ ትከሻ! እንዴት ያለ ክንድ! ይሄ ጠመንጃ የተሠራው ለእርስዎ ነው» እያለ የሱቁን ውድ ዕቃ አሸከመው። ሲቢላ ልታስቀምጥለት ያሰበችው ዓይነት ነው፤ ማለሚያው ላይ ጠበብና ሰፋ የሚል ቀለበት አለው። ባልዝ ቀዳዳዋን እስከ መጨረሻው ሲያጠባት ዓይኑ ላይ የተበተነው ጥጥ ሰብሰብ አለለት፣ ጥቁሯም ክብ ተመልሳ ክብ ሆነች። ሌላ ነገር አይታይም፤ እሷ ብቻ ትታያለች። በመንደሩ የተኩስ ቤት ባልዝ ዘወትር ተኝቶ የሚተኩሰው ከዳር፣ አንደኛው ቦታ ላይ ነው። ከዳር ያለውን ክብ መፈለግ ደግሞ ለዕውርም አይጠፋም። ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥር!

«አላልኳችሁም?» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። «አላልኳችሁም ወይ? ጠመንጃው ነበር! እናንተ ደግሞ አርጅቷል እያላችሁ በየጥጋጥጉ ስታንሾካሹኩ ነበር። አሁን ለነጥባችሁ ጸልዩ!» ዮስትን ትከሻው ላይ መታ አደረገው። «አንተ የአልጋ ቁራኛ፣ ትራስ ላምጣልህ?» ዮስት ጠመንጃውን መወልወሉን ቀጠለ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በሰኔ ከተራራው ማዶ፣ በኦበርታን ትልቅ የተኩስ በዓል ሆነ። የሃስልማት ተኳሾች ማኅበር የፖስታ አውቶቡሱን ተከራየና ወንድ ሴት ሳይል ሁሉም ከነጠመንጃው ተሳፈረ። የሚነዳው ያው ባልዝ ነው። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ የጎን መስታወቱ የአለቱን ግድግዳ ቧጨር አድርጎት አለፈ። ከኋላ ሴቶች ጮኹ።

«ምን ያስጮሃችኋል? መንገድ ሠራተኞቹ ግድግዳውን አስጠግተውት ነው!» አለ።

ባቤታ ከፊት ተቀምጣ ነበር። መስታወቱን አየች፣ የባሏን ፊት አየች፣ የወንበሩን እጀታ ጨብጣ እስኪደርሱ አልለቀቀችም።

በኦበርታን ቦታው በዕጣ ነው የሚደለደለው። ለባልዝ አምስት ቁጥር ደረሰው፤ ከግራው በአራት ዮስት፣ ከቀኙ በስድስት ባቤታ። ሦስቱም ምንጣፋቸው ላይ በሆዳቸው ተኙ። ማዶ ሸንተረሩ ላይ ስምንት ነጫጭ ዒላማ ተደርድሯል፣ ከሥራቸው ቁጥራቸው በትልቁ ተጽፏል። በየተኳሹ አጠገብ አንድ አንድ ትንሽ ስክሪን አለች፤ ጥይቷ የት እንዳረፈች ወዲያው ትናገራለች። ባልዝ ሰደፉን ጉንጩ ላይ አሳረፈ፣ በቀዳዳው ከፊቱ ያገኘውን ጥቁር ክብ ያዘ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ ተኮሰ።

ስክሪኑ ዜሮ አለ።

«ይሄ ማሽን ሰክሯል!»

የተኩስ ሜዳው ኃላፊ ክንዱ ላይ ቀይ ሻርፕ ያሰረ፣ ካስፓር የሚባል ቦርጫም ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ነካካው። «ማሽኑ ከአንተ ይልቅ ልቡ ተሰብስቧል። ድገም።»

ደገመ። ዜሮ።

ባቤታ በዚህ ጊዜ ጥይት እንኳ አልጎረሰችም፣ የክንዷን ማሰሪያ እያጠበቀች ነበር። ዓይኗን ወደ ስክሪኗ ብትጥል አሥር ሰፍሮባታል። ከአሥሩ ጎን ሌላ አሥር። ካስፓር በትከሻዋ ላይ አየና ሆዱን ይዞ በሳቅ ፈነዳ።

«ኧረ ሰዎች፣ ኑ ጉድ እዩ! ይሄ ሰውዬ ለሚስቱ አሥር እየላከላት ነው! ከሠርጋችሁ ጀምሮ የቀረብሽ ጥሎሽ ነው እኮ እመቤቴ!»

የተኩስ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። የጎረቤት ዒላማ መምታት ማንም ላይ አንድ ቀን የሚደርስ ነው፤ ቅጣቱም ለሰዉ ሁሉ ነጭ ወይን መጋበዝ ብቻ ነው። ባልዝ እንዲያውም ደስ አለው። ጠመንጃውም እጁም ደህና ናቸው ማለት ነዋ!

«ዕድሜ ልኳን አሥር አይታ አታውቅም፣ ባካፍላት ምናለበት?» አለ ጮክ ብሎ። «ወይኑ በእኔ! ዒላማችሁን ግን አጣማችሁ ነው የሰቀላችሁት።»

ባቤታ አልሳቀችም።

«ያንተ አምስት ቁጥር ነው» አለ ካስፓር እንባውን እየጠረገ። «ከስድስት በስተግራ። አምስት!»

«መቁጠር ልታስተምረኝ ነው?» ባልዝ ተመቻችቶ ተኛ። አፈሙዙን ወደ ግራ ገፋ አደረገ። ጥቁር ክብ አገኘ። ክብ ሁሉ ክብ ነው፣ ከሥሩ ያለው ቁጥር ግን ለእሱ የተደፋ ወተት ነበር። ግንባሩ አላበ። ሰዉ ከኋላው ቆሞ እያየ ነው። ስለዚህ መገመት ያዘ፤ አምስት ወር ሙሉ በመታጠፊያው ሁሉ ሲገምት እንደከረመው። ተኮሰ።

ዜሮ።

ሁሉም የባቤታን ስክሪን አየ። የተጨመረ የለም። አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ጀመረ። ያኔ ከአራት ቁጥር የዮስት ድምፅ መጣ።

«እኔ ጋ ነው» አለ ዮስት። «አሥር።» ፌዝ የለበትም፣ ሰው የሞት መርዶ ሲነግር እንደሚናገረው ነው የተናገረው።

ሳቁ እዚያው ሞተ። ባቤታ ጠመንጃዋን አስቀምጣ ተነሣች፣ መጥታ ከራስጌው ተንበረከከች።

«ባልዝ፣ ዒላማዎቹን ቁጠርልኝ።»

«ምን ትላለች ይቺ ሴትዮ፣ ሰው ፊት...»

«ቁጠርልኝ። በዓይንህ። ከዳር ጀምር።»

ባልዝ ጭንቅላቱን ከሰደፉ ላይ አነሣ። ዓይኑን ጠበብ አደረገ፣ ከፈተ፣ እንደገና ጠበብ አደረገ። 

«ጭጋግ ወርዷል» አለ።

ቀትር ላይ ነበር። ከዒላማዎቹ ኋላ ተራራው ከነበረዶው እያብረቀረቀ፣ ላዩ ላይ የሚግጡት ላሞች አንድ በአንድ የሚቆጠሩበት ቀን ነበር። የሃስልማት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ቀስ እያሉ ደጅ ወደቆመው ቢጫ አውቶቡስ ዞሩ። አንዷ ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ሌላው «ወይኔ፣ ያ ሁሉ ገደል!» አለ በሹክሹክታ።

ጠመንጃውማ ግሩም ጠመንጃ ነበር። ሦስት ጥይት፣ ሦስት አሥር። ምርጫው አንዳች እንከን አይወጣለትም!

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ባቤታ።

ባልዝ ሊሰድባት አፉን ከፈተ። ለቄሱ፣ ለአስተማሪው፣ ለአሮጊቷ፣ ለሁሉም ስድብ ያላጣው አፍ ነው። ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣ።

«ከገና ወዲህ።»

«ከገና ወዲህ» አለች ባቤታ። ድምፅዋን አላነሣችም። «ዶርሊ ከገና ወዲህ በየጠዋቱ ከጀርባህ ነው የምትቀመጠው። እኔ ነኝ ፀጉሯን ጎንጉኜ የማሳፍራት። ጋዜጣ አንብበህልኝ ነበር፣ ባልዝ።»

«መንገዱን አውቀዋለሁ...»

«ልጅቷ መንገዱ ላይ ብትሆንስ?»

 የባልዝ ፊት ዓመድ መሰለ። ከጎኑ ተጋድሞ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ የአውቶቡሱን ቁልፍ አወጣና ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ግንባሩን በውዱ ጠመንጃ ሰደፍ ላይ ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሰዉ አየ፤ ያዘነለት ግን እምብዛም የለም፤ ሁሉም የየራሱን ልጅ እያሰበ ነበር።

ባቤታ ቁልፉን አንሥታ ለዮስት ሰጠችው። «ስንመለስ አንተ ትነዳለህ» አለችው። ዮስት ራሱን ነቀነቀ፤ ቁልፉን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ኪሱን ቆለፈ።

ከዚያ ወደ ምንጣፏ ተመልሳ ተኛች፣ ማሰሪያዋን ክንዷ ላይ አጠበቀች። ካስፓር አጠገቧ ቆሞ ወረፋዋን ለሌላ ጊዜ ያዘዋውርላት እንደሆነ ጠየቃት።

«ለምን ተብሎ?» አለችው። «ዒላማዬ ላይ ያለውን የሱን ሰርዝልኝ። የራሴን ልተኩስ ነው።»